ጃይፑር ስትሄዱ ትልቅ ስም አታሳድዱ፣ ትንሹ ድንኳን ግቡ

ይህን ክር፣ ማለትም በመድረካችን ላይ ያለውን የውይይት ሰንሰለት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። 46 መልስ መጣበት። ዘግይተው የገቡ ሰዎች መጨረሻውን ብቻ እያዩ ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ልተርክላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፌ ይህ ነበር። ዴልሂ እማር በነበረበት ጊዜ፣ በጥር 2023፣ የህንዷ ራጃስታን ግዛት ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ጃይፑር ለሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫሏ ሄድኩ። ፌስቲቫሉ አምስት ቀን ነው። እኔ ሦስት ቀን ነበረኝ። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ለትልልቅ ስሞች ሰጠሁት። የ2021 የኖቤል ተሸላሚው፣ የዛንዚባር ተወላጁ አብዱልራዛቅ ጉርናህ የመክፈቻ ንግግር ሲያደርግ ፍሮንት ሎን የሚሉት ዋናው ሜዳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ ቆሜ ያየሁት ስክሪኑን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ከዚያ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ መጽሐፍ ለማስፈረም ተሰለፍኩ። ተራዬ ሳይደርስ ጸሐፊው ተነስቶ ሄደ። ማታ ማረፊያዬ ገብቼ ሳስበው፣ ቀኑን ሙሉ ተጋፍቼ ያየሁት ነገር ዩቲዩብ ላይም የማገኘው ነው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲከርር ጥላ ፍለጋ ባይታክ የሚባል ትንሽ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ባይታክ ሰው ተሰብስቦ የሚቀመጥበትና የሚያወጋበት ክፍል ማለት ነው። ውይይቱ በሂንዲና በአካባቢው ቋንቋ በራጃስታኒ ነበር። ከአሥር ቃል ሁለቱን ብይዝ ነው። አጠገቤ ትልቅ ጥምጥም ያደረጉ አዛውንት ተቀምጠዋል። መድረክ ላይ ግጥም ሲነበብ ቀጣዩን ስንኝ ከአንባቢው ቀድመው በከንፈራቸው ይሉታል። ሰዉ ቤት በተመታ ቁጥር ዋህ፣ ዋህ ይላል። እንደኛ የቅኔ ጉባኤ፣ ሰሚው ዝም ብሎ የሚሰማ አይደለም፣ ይቀበላል። በግራዬ ያለች አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ግራ መጋባቴን አይታ ሳልለምናት በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ጀመር። ከሦስቱ ቀን ውስጥ እስከዛሬ አብሮኝ ያለው ያ አንድ ሰዓት ነው።

እንግዲህ ያልኩት ይህን ነው። ጃይፑር የምትሄዱ ሰዎች ለታዋቂ ስም አትሰለፉ። ቋንቋውን ባትሰሙትም ትንሹን ድንኳን ምረጡ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከመካከላችን የሄደ ካለ ልምዱን እንዲያካፍለን ጠየቅኩ።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች እንደ እንግዳ አቀባበል ነበሩ። መልስ 1 ከዋሽንግተን ነው። ጸሐፊዋ ጃይፑርን ባታየውም ያለችበት ከተማ የመጽሐፍ በዓል ላይ ያው ድካም እንደሚገጥማት ነግራ አመሰገነችኝ። መልስ 2 ለተጓዥ ወርቅ ነው። እዚያው ህንድ የሚማር ወንድማችን ነው የጻፈው። ከዴልሂ ጃይፑር 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥሩው ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድበታል። ግን ጥር የጉም ወር ነው። ዴልሂ ላይ ባቡርም አውሮፕላንም በጉም ይዘገያል። ስለዚህ ካረፉ በኋላ በዚያው ቀን ለመቀጠል ቲኬት መቁረጥ እንደማይበጅ አስጠነቀቀ። ጠዋትና ማታ ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ሹራብ ይወልቃል፣ ስለዚህ ጋቢ ይዞ መሄድ ያዋጣል። ከሁሉ በላይ ያጠበቀው የቢጫ ወባ ክትባትን ነገር ነው። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ህንድ ሲገባ ካርዱን ይጠየቃል። ክትባቱም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። ካርድ የሌለው ሰው እስከ ስድስት ቀን ለብቻው ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ፌስቲቫሉ አምስት ቀን መሆኑን ስታስቡት፣ ካርድ መርሳት ማለት በዓሉን ከበር ማዶ ማሳለፍ ነው።

መልስ 3 አጭር ናት። እኛ ባጃጅ የምንላትን ተሽከርካሪ ህንዶች ኦቶ እንደሚሏት የምትነግር። ባጃጅ የሠሪው ኩባንያ ስም ነውና እዚያ መንገድ ላይ በዚያ ስም ብትጣሩ ሹፌሩ ግራ ይጋባል። መልስ 4 ላይ አንድ ሰው መግቢያው በነጻ መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ራሴ መለስኩለት። ፌስቲቫሉ ስሙ የገነነው ለማንም በሩን በነጻ ክፍት በማድረጉ ነው። ለብዙ ዓመት ተመዝግቦ መግባት ብቻ ነበር። የምሳና የማረፊያ ቦታ የሚጨምረው የደለጌት ቲኬት ግን ገንዘብ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ሊሻሻል ስለሚችል ከመሄድ በፊት የፌስቲቫሉን ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 5 ላይ ታረምኩ። መነሻ ጽሑፌ ላይ ጃይፑር ከተቆረቆረችበት ቀን ጀምሮ ሮዝ ከተማ እንደሆነች ጽፌ ነበር። እኚህ አባት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ መምህር፣ በትህትና አስተካከሉኝ። ከተማዋን የቆረቆራት ማሃራጃ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ በ1727 ነው። ፕላኑን ያወጣው ቪድያዳር ባታቻርያ የተባለ የቤንጋል ሰው ሲሆን፣ ከተማዋን በዘጠኝ ብሎክ ከፍሎ ቀጥ ባሉ ሰፋፊ ጎዳናዎች አዋቀራት። ሮዙ ቀለም የመጣው ግን በ1876 ነው። የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ሊጎበኝ ሲመጣ ማሃራጃ ራም ሲንግ ከተማዋን ለአቀባበል አስቀባት። ስለዚህ ቀለሙ ከከተማዋ በ150 ዓመት ያህል ያንሳል። አመስግኜ ጽሑፌን አረምኩት። መልስ 6 የእኔው ምስጋና ነው።

ከዚያ ስለ ቦታው ተነሳ። መልስ 7 የጻፈች ሴት የድሮውን ጃይፑር ናፋቂ ናት። ፌስቲቫሉ በ2006 ሲጀመር ትንሽ ነበር። ደራሲዋ ናሚታ ጎካሌና ታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ዳልሪምፕል ይመሩታል፣ የሳንጆይ ሮይ ቲምወርክ አርትስ ያዘጋጀዋል። ለዓመታት የተካሄደው ዲጊ ፓላስ በተባለ የመሳፍንት ግቢ ውስጥ ነው። በሸክላ ኩባያ ሻይ እየጠጡ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ነበር። በ2021 በኮሮና ምክንያት ኢንተርኔት ላይ ብቻ ሆነ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ክላርክስ አሜር ወደሚባል ሆቴል ተዛወረ። እሷ እንደምትለው የግቢው ነፍስ ዲጊ ላይ ቀርታለች። መልስ 8 አልተቀበላትም። በ2012 ኦፕራ ዊንፍሬይ የመጣች ቀን እዚያ ነበረ። ጠባቡን መግቢያ አስታውሶ፣ ያን ቀን መተንፈሻ አጥቶ እንደነበርና ሰፊ ቦታ መፈለጋቸው ትክክል እንደሆነ ጻፈ። ለእኔ ግን ሁለቱም ሳያውቁት የእኔን ነገር ነበር የሚደግፉት። እሷ የናፈቀችው ዛፍ ሥር መቀመጥን ነው። እሱ የሸሸው የታዋቂ ሰው ግፊያን።

መልስ 9 ላይ አየሩ ተለወጠ።

የጻፈው ከጀርመን የሚሳተፍ ሰው ነው። ብዙ ያነበበ መሆኑ ከአጻጻፉ ይታያል። ለስለስ ብሎ አልጀመረም። የማይሰሙት ቋንቋ ውስጥ አንድ ሰዓት መቀመጥ ሥነ ጽሑፍን ማክበር ሳይሆን የቱሪስት ስሜት መሆኑን ጻፈ። ሥነ ጽሑፍ ቃል ነው። ቃሉን ካልያዝክ የቀረህ ጥምጥሙና ጭብጨባው ነው። በእሱ አባባል እኔ ያየሁት አዛውንት የሚያምር ፎቶ ነበሩ እንጂ ግጥም አልነበሩም። ፌስቲቫሉንም አልማረም። የስፖንሰር ሰሌዳ የተንጠለጠለበት፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ሀብታሞች ለመታየት የሚሄዱበት ገበያ አደረገው።

እውነቱን ለመናገር አመመኝ። ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው። መልስ 10 ላይ ግጥሙን ተረድቻለሁ እንዳላልኩ፣ ልጅቷ ባትተረጉምልኝ ኖሮ ከድምፅ በቀር እንደማልይዝ አምኜ ጻፍኩ። ግን አንድ ነገር አልለቀቅኩም። ራጃስታኒ በህንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሰንጠረዥ ከተዘረዘሩት 22 ቋንቋዎች ውስጥ የለችም። ተናጋሪዎቿ እንድትገባ ለብዙ ዘመን ሲጠይቁ ኖረዋል። ያንን ቋንቋ በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ መድረክ ላይ ሲሰሙት የሚሆኑትን ሰዎች ማየት ራሱ እውቀት ነው። ያን ድንኳን ባልገባ ኖሮ የእንግሊዝኛውን ጃይፑር ብቻ አይቼ እመለስ ነበር፣ እሱ የነቀፈውን።

መልስ 11 የክሩ ምርጥ ጽሑፍ ናት። የጻፈችው በትርጉም ሥራ የምትተዳደር ሴት ናት። ክርክሩን ከስሜት አውጥታ ወደ ሥራ መለሰችው። በ2022 ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት ያገኘችው ጊታንጃሊ ሽሪ በሂንዲ ነው የጻፈችው። ከሂንዲ የተተረጎመ መጽሐፍ ሽልማቱን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ዴዚ ሮክዌል የሽልማቱን 50,000 ፓውንድ እኩል ተካፈለች፣ ደንቡ ይህ ነውና። በ2025 ደግሞ ባኑ ሙሽታቅ በካናዳ ቋንቋ በጻፈቻቸው አጫጭር ልቦለዶች፣ ከተርጓሚዋ ከዲፓ ባስቲ ጋር፣ ያንኑ ሽልማት ወሰደች። እዚህ ላይ ሰሜን አሜሪካ ያለው አገር ሳይሆን የደቡብ ህንዱ ቋንቋ መሆኑን ለማያውቅ አስረዳች። በጃይፑር ፌስቲቫል ጎን ጃይፑር ቡክማርክ የሚባል አሳታሚዎች፣ ተርጓሚዎችና ወኪሎች የሚገናኙበት መድረክ ከ2014 ጀምሮ አለ። የእሷ ነጥብ፣ ትንሹ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ነገር ወደ ትልቁ ሜዳ የሚደርሰው በተርጓሚ እጅ ስለሆነ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ያደረገችው ነገር የበዓሉ ዋና ሥራ እንጂ የጎን ጨዋታ አለመሆኑ ነው። እኔ በራሴ አንደበት እንዲህ አድርጌ አላስቀመጥኩትም ነበር።

የጀርመኑ ሰው በመልስ 12 ተመለሰ። በ2011 አንድ የህንድ ጋዜጠኛ፣ ስኮትላንዳዊው ዳልሪምፕል የህንድ ሥነ ጽሑፍ በር ጠባቂ መሆኑን ተችቶ ትልቅ ክርክር መነሳቱን አስታወሰን። ነጭ ሰው ካላጨበጨበ የማናከብረው ነገር ስንት እንደሆነም ጠየቀ። መልስ 13 ናሚታ ጎካሌ ከመሠረቱ ጀምሮ እኩል መሪ መሆኗን ጠቅሶ፣ የእሷን ስም ዘሎ ስለ ነጭ ሰው ብቻ ማውራት ራሱ እሷን መሰረዝ እንደሆነ መለሰ። ጥሩ መልስ ነበር። በዚያ ቢያበቃ።

ከ14 እስከ 18 ያሉትን እዚህ አልደግማቸውም። እኛ አገር እንዲህ ያለ በዓል ቢደረግ በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚለው ጥያቄ ተነሳ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ግን በሦስተኛው መልስ ላይ ሰው ሰውን በትውልድ ቦታው መስደብ ጀመረ። አወያዩ ሁለቱን አጠፋቸው። የቀሩት ሲነበቡ መሃላቸው ስለጎደለ ምን እንዳናደደን እንኳ አይገባም።

መልስ 19 ሌላ ቁስል ነካ። በ2012 ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ ወደ ጃይፑር እንዲመጣ ተጋብዞ ነበር። የግድያ ዛቻ አለ ተባለና ቀረ። አራት ጸሐፊዎች ህንድ በ1988 ከከለከለችው መጽሐፉ ላይ መድረክ ላይ አነበቡ። ወዲያው ከተማዋን ለቀው ወጡ። በቪዲዮ እንዲናገር ታስቦ የነበረውም በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘ። መልሱን የጻፈው ሰው ይህን ሁሉ በቁጣ ዘርዝሮ፣ ለጸሐፊ ያልቆመ የጸሐፊ በዓል ምን እንደሚረባ ጠየቀ። መልስ 20 ያስታወሰው ግቢው የሰው መኖሪያ መሆኑን ነው። በዚያን ቀን ሕዝብ ሞልቷል፣ ልጆችም ነበሩ። ፖሊስ ብጥብጥ ይመጣል ሲል የቤቱ ባለቤት ምን ማድረግ ነበረበት? መልስ 21 ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስፈራራው ወገን የሚያሸንፈው በዚሁ ስሌት መሆኑን ጻፈ። እኔ አልመለስኩም። እስካሁንም ሁለቱም ያሳምኑኛል። ግን ያነበቡት አራቱ ሰዎች ምን ያህል እንደደፈሩ ማንም ሳያነሳው ማለፉ ከነከነኝ። ስለዚህ እዚህ አነሳሁት።

ድካሙን ያበረደው አንድ ስህተት ነው። መልስ 22 ጃይፑር ዳር ያለው የአምበር ግንብ በስመ ጥሩው ኢትዮጵያዊ በማሊክ አምባር ስም እንደተሰየመ በደስታ አበሰረን። ብዙ ሰው የልብ ምልክት አደረገበት። ጋሼ በመልስ 23 መጡ። ደስታውን እንዳያጠፉ ተጠንቅቀው ነው የጻፉት። አምበር ወይም አሜር ከጃይፑር በፊት የነበረች የራጅፑት መሳፍንት መናገሻ ናት፣ ግንቡን ራጃ ማን ሲንግ በ1592 አስጀመረው። ስሟም የሚያያዘው ከሂንዱ አማልክት ስም ጋር ነው። ማሊክ አምባር ግን ሌላ ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ። በባግዳድ በኩል አልፎ ደቡብ ህንድ፣ ዴካን የሚባለው አካባቢ ደረሰ። እዚያ ከወታደርነት ተነስቶ የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆነ። ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ የቆረቆራት እሱ ነው። በ1626 እስኪሞት ድረስ ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩትን ሙጋሎች አላስተኛም። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ስላልቻለ፣ የተሰቀለ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። ታዲያ አምበርና አምባር አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የግንቡ ባለቤት ማን ሲንግ የሙጋሎች የጦር አለቃ ነበር። በ1614 የሞተውም እዚያው ዴካን፣ ማሊክ አምባር በሚዋጋበት ምድር ነው። መልስ 22 የጻፈው ልጅ አልተቀየመም። ከስህተቱ የተሻለ ታሪክ አገኘ።

ከዚያ ለጥቂት መልስ ክሩ ሽርሽር ወጣ። ስለ ሽንኩርት ካቾሪ፣ የሳምቡሳ ዘመድ ስለሆነው። ስለ ጃይፑር የጥጥ ብርድ ልብስ፣ እንደ ጋቢ ቀላል ሆኖ ስለሚያሞቀው። መልስ 26 ግን ቆም አስባለኝ። ጃንታር ማንታር የሚባለውን የጃይ ሲንግን የከዋክብት መመልከቻ ያየ ሰው ነው። ትልቁ የፀሐይ ሰዓት 27 ሜትር ከፍታ አለው። ጥላው በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ቆመው ሲያዩት ይንቀሳቀሳል። ሰውየው ከውይይቶቹ አንዱን ትቶ ግማሽ ሰዓት ጥላውን ሲከተል እንደቆየ ጻፈ። ቀናሁበት። እኔ በሦስቱ ቀን ከሆቴሉ ግቢ ወጥቼ አላየሁትም።

መልስ 28 ላይ አወያዩ ወደ ጉዳያችን እንድንመለስ ለመነ። የመለሱን ጋሼ ናቸው። መልስ 29 በቀጥታ ለጀርመኑ ሰው የተጻፈ ነበር። ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። በጃንሆይ ዘመን ሐረር ሲማሩ፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ መምህራቸው ህንዳዊ ነበሩ፣ ከኬራላ። በአንድ ዓርብ ከሰዓት መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው በኬራላው ቋንቋ በማላያላም አንድ ግጥም በቃላቸው ወጡ። ከክፍሉ ውስጥ አንድም የገባው አልነበረም። ግን ጋሼ የዚያን ቀን ነው ሒሳብ አስተማሪያቸው አገር እንዳላቸው የገባቸው። ዜማው እስከዛሬ ጆሯቸው ውስጥ አለ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። መልስ 30 ያንን ተከትሎ አዲስ አበባ ከኬራላ መምህራን የተወለደውን ሐኪምና ደራሲ አብርሃም ቨርጊስን አነሳ። እነዚያ መምህራን ኢትዮጵያ ውስጥ የተዉት የትምህርት ዱካ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ማንም አልጠበቀውም።

መልስ 31 ከዱባይ ነበር። እህታችን አንድ የህንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ያቆመችው ከስምንተኛ ክፍል ነው። ክሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማታ ማታ ስታነብ ቆይታለች። የጻፈችው ለመጠየቅ ብቻ ነው። ሂንዲ ማንበብ አትችልም። ግን ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ በሂንዲ ታልማለች። እንደ እሷ ያለ ሰው እንደዚያ ዓይነት ድንኳን ውስጥ ይገባል ወይስ የተማሩ ሰዎች ቦታ ነው?

እኔ በጻፍኩት ጉዳይ ላይ እዚህ ካለነው ሁሉ እሷ እንደምትበልጥ ለማየት 31 መልስ ወሰደብኝ። ባይታክ ውስጥ ከአሥር ሁለት ቃል ይዤ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት። እሷ ብትቀመጥ አስተርጓሚ አያሻትም። ወዲያው መለስኩላት። በር ላይ ምዝገባና መታወቂያ እንጂ የትምህርት ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ገጣሚውና የፊልም ጸሐፊው ጃቬድ አክታር በተደጋጋሚ የሚገኝበት በዓል ነው፣ የእሱን ዘፈኖች በቃሏ እንደምታውቅ አልጠራጠርም። ከ33 እስከ 36 ያሉት መልሶች ሁሉ ለእሷ ነበሩ። ከአራቱ አንዱ የጀርመኑ ሰው ነው። ስለ ቃል የጻፈውን አልሰረዘም። ቃሉን የያዘው ሰው እሷ መሆኗን ብቻ ጻፈ፣ በእርስዎታ እየጠራት።

በመልስ 37 አመስግና እውነቱን ነገረችን። ፈቃዷ የሚደርሰው ክረምት ላይ ነው። ጥር ላይ ልትወጣ አትችልም። ተርጓሚዋ በመልስ 38 የፌስቲቫሉ ብዙ ውይይቶች ዩቲዩብ ላይ እንዳሉ፣ የሂንዲዎቹም ጭምር፣ አሳየቻት። እኔ መነሻዬ ላይ ዩቲዩብ ላይ ያለ ነገር ነው ብዬ የናቅኩትን ማለት ነው።

ለአሥራ አንድ ቀን ክሩ ዝም አለ።

መልስ 39 የዱባይዋ እህታችን ስትመለስ ነው። የምትሠራበት ቤት አያት የራጃስታን ሰው ናቸው። ሁለቱ አብረው ስለ ሚራባይ የተደረገ አንድ ውይይት በስልክ ሰሙ። ሚራባይ በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረች የራጃስታን ልዕልትና ገጣሚ ናት። ቤተ መንግሥቱን ትታ ለአምላኳ ለክሪሽና የዘመረች። እህታችን የሰማችውን በአማርኛ ልትነግረን ሞከረች። ሦስት አንቀጽ ጻፈች፣ ግልጽና ያልተጌጠ። ግን አንድ ቃል ላይ ቆመች። ቢርሃ። ከፊልም ዘፈን የምታውቀው ጁዳይ የሚለውን ነበር፣ መለያየት ማለት ነው። ቢርሃ ከዚያ ይከብዳል። አማርኛውን እንድናግዛት ጠየቀች።

መልስ 40 በረሃ ከሚለው ቃላችን ጋር አንድ ሥር አለው ወይ ሲል ጠየቀ፣ ራጃስታን የታር በረሃ አገር ናትና። ተርጓሚዋ በ41 ቃሉ ከሳንስክሪት መምጣቱን፣ መመሳሰሉ አጋጣሚ መሆኑን ገለጸች። ጋሼ ናፍቆትን አቀረቡ። የዋሽንግተኗ ሴት ትዝታ ይሻላል ብላ ተከራከረች። እህታችን ሁለቱንም ለአያቲቱ አስረድታ በመልስ 44 ተመለሰች። ትዝታ ያለፈን ነገር ነው፣ ቢርሃ አላለፈም። ናፍቆት ደግሞ ሰውየው ውስጥ ያለ ስሜት ነው። አያቲቱ እንዳስረዷት ቢርሃ ጊዜውም ጭምር ነው። እንደ ክረምት ሰው የሚገባበትና የሚከርምበት። እሷ ዘጠኝ ዓመት የከረመችበትን ነገር ስም ያገኘችለት ያኔ እንደሆነ ጻፈች።

በመልስ 45 የጀርመኑ ሰው አንድ ነገር ለመናት። ስንኙን በሂንዲ እንዳለ፣ ግን በእኛ ፊደል እንድትጽፍለት። ድምፁን ማንበብ ፈልጎ ነው። መልስ 46 የሷ ናት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተላከች። ስንኙን በፊደላችን ጽፋለታለች። ከሥሩ አማርኛውን አስቀመጠች። ቢርሃን ሳትተረጉም እንዳለ ተወችውና ወደ ሁለተኛው ስንኝ አለፈች።